ዘጠኝ ቁጥርን የለበሰችው

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ህይወት ግን ደብተሯን ከፍታ፣ «እትዬ አሰለፈች፣ እርስዎ ካልጻፉት ማን ይጻፈው?» ብላ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር። ህይወት የክለቡ ጸሐፊ ናት፤ ገና ሠላሳ አልሞላትም፤ ድካም የሚባል ነገር ያስተዋወቃት ሰው የለም። እኔ እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። ዝምታዬ እሺ ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ።

እሑድ የሴቶች መረብ ኳስ ክለባችን የምሥረታ በዓል አለ። ታሪኩ ባጭሩ ተጽፎ ይነበባል። አራት ገጽ፣ እስከ ቅዳሜ ጠዋት። ከዚያ ሜዳው በእኔ ስም ይሰየማል። «የአሰለፈች ዘውዴ ሜዳ»። ሰሌዳው ታዟል አሉኝ፣ ሰማያዊ መደብ፣ ነጭ ጽሕፈት።

ዛሬ ልምምድ ላይ ስምንት ልጆች መጡ። አንዷ ጫማ ረስታለች። መረቡ መሀሉ ላይ ተቀዷል፣ በሲባጎ አሰርኩት። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ መቆጣት ጀምሯል። ከልጆቹ አንዷ፣ ሃያት፣ እንደየዓመቱ «ኮች፣ ዘንድሮስ ዘጠኝ ቁጥር?» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ለልጅ ሲሆን አይሆንም ማለት እችላለሁ።

ዘጠኝ ቁጥር ለማንም አይሰጥም። ቢሮው ግድግዳ ላይ በመስተዋት ውስጥ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የእኔ ስም አለ፤ ድሬዳዋ ላይ ዋንጫ ስንወስድ የተለበሰ ማሊያ ነው። ልጆቹ ሲሰንፉ «እሷ የመጨረሻዋን ነጥብ ስትመታ ነው እግሯ የተጎዳው፤ እናንተ ፀሐይ ነካን ትላላችሁ!» ይባላሉ። እኔም ቆሜ እሰማለሁ።

ይኼን ደብተር ማንም አያነበውም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ያን ቀን ያንን ማሊያ የለበስኩት እኔ አይደለሁም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ መጣሁ። ለመቆም ግንብ ተደግፌ፣ ለመቀመጥ ሰው ተደግፌ። ለመልአኩ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ያውቀዋል ብዬ ተውኩት።

ትናንት ከጻፍኩት በኋላ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ይልቅ ሁሉንም በቅደም ተከተል ላውጣው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ውድድር ነበረብን፤ የተጫዋችነት ካርድ ያለን ሰባት ብቻ ነበርን። አንድ ሳምንት ሲቀረን ጀጎል ውስጥ ዝናብ ያራሰው ድንጋይ አንሸራትቶኝ ቁርጭምጭሚቴ አበጠ። በዚያው ሳምንት ሌላዋን ወባ ጣላት። አምስት ቀረን። በአምስት ሰው መረብ ኳስ የለም።

ከእኛ ጋር የምትለማመድ ነፊሳ የምትባል ልጅ ነበረች። ካርድ አልነበራትም። ካርድ የአባት ፊርማ ይጠይቃል፤ አባቷ ሐጂ ዩሱፍ ደግሞ ከገጠር ድንችና ሽንኩርት እያመጡ የሚነግዱ ጥብቅ ሰው ነበሩ፤ ሴት ልጅ ሜዳ ላይ ስትዘል ማየት ቀርቶ መስማት አይፈልጉም። ነፊሳ ቤቷ ውስጥ «ስፌት እየተማርኩ ነው» ትል ነበር። አልፎ አልፎ የተሰፋ ነገር ማሳየት ስለነበረባት እውነትም መስፋት ተማረች፤ በዚያው ልብስ ሰፊ ሆና ቀረች። ይኼን ባስታወስኩ ቁጥር እስቃለሁ፣ ከዚያ ይከፋኛል።

የነፊሳን ሰርቭ፣ ያን የመክፈቻ ምት፣ ሳወራው ላሳምረው ብል አልችልም። ኳሷ መረቡን ካለፈች በኋላ ሐሳቧን የምትቀይር ትመስል ነበር። ተቀባዮቹ እጃቸውን ዘርግተው እግራቸው ሥር ትወድቃለች።

አሰልጣኛችን ጋሽ ሙላት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ብዙ አላሰቡም። «የአሰለፈችን ካርድ ያዢ» አሏት። ፎቶው ደብዝዟል፤ ሁለታችንም ቀጭን፣ ጠይም ልጆች ነን። በቃ።

ጨዋታው ሊጀመር ዳኛው ስም ይጠራል። የተጠራችው «አቤት!» ብላ ዞራ ጀርባዋ ላይ ያለውን ቁጥር ታሳያለች። «አሰለፈች ዘውዴ!» አለ። ነፊሳ ዝም። ስሟ አይደለማ! እኔ ተጠቅልሎ ያበጠ እግሬን ዘርግቼ ከአግዳሚው ላይ በልማድ «አቤት!» አልኩ። ዳኛው ዞሮ አየኝ። ጋሽ ሙላት ፈጠን ብለው «እህቷ ናት፤ ያቺ ዓይነ አፋር ስለሆነች ታግዛታለች» አሉ። ነፊሳ ዘግይታ «አቤት» አለች፣ ዞረችም። ዘጠኝ።

አሸነፍን። የምርጥ ተጫዋች የምስክር ወረቀት ተሰጠ። ስሙ የእኔ ነው።

ልቀደው አስቤ ነበር። አልቀደድኩትም። በወሩ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ፈለገ፤ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ፤ ተቀጠርኩ። እንደ ነፊሳ መምታት እንደማልችል ሰው ሲያይ ምን ልበል? የእግሬን ጉዳት ቀን በአንድ ሳምንት ወደ ፊት ገፋሁት። ከውድድሩ በፊት የነበረውን በመጨረሻዋ ነጥብ ላይ አደረግኩት። «ያ እግር ባይጎዳ የት በደረሰች!» አሉልኝ። ከንፈር ሲመጥጡልኝ እኖራለሁ።

ያ የስም ጥሪ ደግሞ ልማድ ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ ክለቡ ሲሰበሰብ መጀመሪያ የዋንጫው ቡድን ስም ይጠራል። ለሞቱት ሁሉም በአንድነት አቤት ይልላቸዋል። ለእኔ እኔው እላለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ታሪክ ለመጻፍ ያለኝ፦
አንድ የቡድን ፎቶ፤ ዘጠኝ ቁጥር ዋንጫውን ፊቷ ላይ ከፍ አድርጋ ይዛለች፣ ሆን ብላ።
የጋሽ ሙላት ደብተር፣ ግማሹን አይጥ በልቶታል።
የስም መጥሪያው ዝርዝር።
የራሴ ጭንቅላት፣ እሱም የማይታመን።

ከዋንጫው ቡድን ማን ቀረ? ሦስቱ ሞተዋል፤ ያቺ ወባ የጣላትም አልቆየች። አንዷ ከአገር ወጥታለች፣ ድምፅዋም የለም። ጸዳለ ድሬዳዋ ናት። ደወልኩላት። «ጸዱ፣ የዋንጫውን ቀን ታስታውሺዋለሽ? ማን ማን ተሰለፈ?» አልኳት። እሷ ከነገረችኝ ልጻፈው፣ ብቻዬን አልሆንም ብዬ ነው።

«ምን ማለትሽ ነው? የአንቺን ሰርቭ ረስቼ ልሙት እንዴ!» አለች።

«እኔ እኮ አግዳሚ ላይ ነበርኩ።»

«እሱማ ከወደቅሽ በኋላ ነዋ! ተሸክመን አይደል ያወጣንሽ?»

ማንም አልተሸከመኝም። በራሴ ተነስቼ፣ እያነከስኩ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። ጸዳለ ግን እንዴት እንደከበድኳት ሁሉ ነገረችኝ። ውሸቴ እኔን ጥሎኝ ሄዶ ብቻውን ቤት ሠርቷል። ስልኩን ዘጋሁ። እንግዲህ የሚያውቅ የቀረው እኔና ነፊሳ ብቻ።

ልምምድ ላይ ሃያት አሥራ አንድ ሰርቭ በተከታታይ መታች። ሃያት የነፊሳ የወንድሟ ልጅ ናት። ተቀባዮቹ እጃቸውን ዘርግተው ኳሷ እግራቸው ሥር ወደቀች። ፊቴን ወደ ሐኪም ተራራ አዙሬ የማይ መሰልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ሄድኩ። በባጃጅ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ፣ ከዚያ በእግሬ ቁልቁል ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ። ቁልቁለት ለጉልበት ከዳገት ይብሳል፤ ወጣት እያለሁ የነገረኝ የለም።

ነፊሳ ባሏ ከሞተ ወዲህ የስፌት መኪናውን ራሷ ትመታለች። የልጆቻችንን ማሊያ በየዓመቱ የምትሰፋው እሷ ናት። ከአንድ እስከ ስምንት፣ ከዚያ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። አንድም ቀን ዘጠኝ የት ሄደ ብላኝ አታውቅም። ያ ነው የሚያሳምመኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለልኬት የመጡት ሴቶች እስኪወጡ ጠበቅኩ። ከዚያ የሆዴን አወጣሁት። እሑድ ሜዳው በስሜ ሊሰየም ነው፣ ልጽፈው ነው፣ ስምሽን ላወጣ ነው፣ አልኩ። የፈረደባትን ጨርቅ መኪናው ላይ እየገፋች ቀና ሳትል፣

«አቦ ተይኝ፤ ስሜን እንዳታነሺ» አለች።

የወንድሞቿን ቁጣ ፈርታ መሰለኝ። ሁላችንም አርጅተናል፣ ሐጂም ሞተዋል፣ ማን ይቆጣል አልኳት። ያኔ መኪናውን አቆመች።

«አባቴ ያውቅ ነበር» አለች።

ደነገጥኩ። የነገረችኝን እንደነገረችኝ ልጻፈው። ያን ቀን ሐጂ ዩሱፍ ሽንኩርት አስጭነው ድሬዳዋ ወርደው ኖሯል። ጩኸት ሰምተው ወደ ሜዳው ቀረብ አሉ። ልጃቸውን አዩ። ሰዉ «አሰለፈች! አሰለፈች!» ይላል። እሳቸው እስከ መጨረሻው ቆመው አይተው ሄዱ። ማታ ገበታ ላይ፣ ወንድሞቿ ባሉበት፣ «ድሬ አንዲት ልጅ አየሁ። የነፊሳ ጓደኛ ናት፣ አሰለፈች የሚሏት። ማሻአላህ፣ እጇ ወርቅ ነው» አሉ። ነፊሳን አላዩዋትም። ወጥ ጨመሩላት ብቻ።

«ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ይጠይቀኛል። ጓደኛሽ እንዴት ናት? ትጫወታለች? እግሯስ አይደክምም? ቀዝቃዛ ውኃ አትጠጣ በያት ይለኛል። ወላሂ! እኔም ‹ደህና ናት› እላለሁ። ሊሞት ሲል እንኳ፣ አላህ ይርሀመው፣ ‹ያቺ ጓደኛሽ ተወችው?› አለኝ። ‹ተወችው› አልኩት። ‹ያሳዝናል› አለ።» ዓይኗን በጨርቁ ጫፍ ጠረገች። «እኔና አባቴ ስለዚያ ነገር ያወራነው በአንቺ ስም ነው፣ አሱ። ሌላ መንገድ አልነበረንም። አሁን ስሜን አውጥተሽ ስታነቢ፣ ወንድሞቼ አባታችን ሲዋሸን ኖረ ይላሉ። እሱን አትንኪብኝ።»

«እኔስ?» አልኳት። «እኔ እኮ ሰው ያልሆንኩትን ነሽ እያለኝ ልሞት ነው።»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አለች፤ መኪናውን አስነሳችው።

ዳገቱን ስወጣ ሁለት ቦታ ተቀመጥኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

አልጻፍኩም።

ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ።

ስሟን ብጽፍ እሷን እበድላለሁ። ባልጽፍ ሜዳው የሌባ ስም ይወጣለታል። ሌባ የሚለውን ሰረዝኩት፣ ከዚያ መልሼ ጻፍኩት። ለራሴ ደብተር ምን አሳሰበኝ።

ከሰዓት ልጆቹ ግማሾቹ ጁምዓ ላይ ስለሆኑ ልምምድ ዘግይቶ ነው የተጀመረው። ተቀምጬ አሠለጠንኩ። የሚገርመው፣ አሠልጣኝነቱ የእኔ ነው። እሱን ከማንም አልወሰድኩም። ስንቷን ልጅ እጅ ለእጅ ይዤ አስተምሬያለሁ፤ ስንቷን ከቤቷ ድረስ ሄጄ አባቷን ለምኜ አምጥቻለሁ። የአባት ፊርማ ለማግኘት እንደ እኔ የተንከራተተ የለም። ለምን እንደሆነ ዛሬ ነው የገባኝ።

ከልምምድ በኋላ ቁጭ ብዬ አራቱን ገጽ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩ። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «በዋንጫው ቀን ዘጠኝ ቁጥርን የለበስኩት እኔ አይደለሁም። እግሬ ከሳምንት በፊት አብጦ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። የለበሰችው ከእኔ እጅግ የተሻለች ልጅ ናት። ስሟን መናገር የእሷ ፈንታ እንጂ የእኔ አይደለም። የምስክር ወረቀቱን ይዤ ሥራ የገባሁት ግን እኔ ነኝ።»

ቀና ብዬ ሳየው አጭር ነው። ይኼን ያህል ዓመት የከበደኝ ይኼ ነው? ቅጂውን አጥፌ በፖስታ ዘግቼ፣ «ለአክስትሽ ስጪልኝ» ብዬ ለሃያት ሰጠኋት። አስቀድማ ትወቀው። ከተቆጣችም ዛሬ ትቆጣ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ከነፊሳ መልስ የለም።

ጠዋት ወረቀቱን ለህይወት ሰጠሁ። ሦስቱን ገጽ ፈገግ እያለች አነበበች። አራተኛው ላይ ፈገግታዋ ባለበት ደረቀ።

«እትዬ፣ ይኼ ቀልድ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ማን ናት?»

«አልናገርም።»

«ሰሌዳው እኮ ደርሷል!» አለች። ምስኪን፤ መጀመሪያ የታያት እሱ ነው። ወደ ውጭ አሳየችኝ። ሰማያዊ፣ የሚያምር፣ ስሜ አንድ ፊደል አልተሳሳተም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ደክሞኝ እንደሆነ፣ ብዙ ሥራ እንደጫነችብኝ፣ መጨረሻውን እሷ ልታስተካክለው እንደምትችል ነገረችኝ። «ሰው ሲያረጅ አንዳንዴ ራሱን ይወቅሳል» አለች። ጃጅተዋል ማለቷ ነው፣ በጨዋ ቋንቋ።

ወረቀቴን ከእጇ ተቀበልኩ። ራሴ አነበዋለሁ አልኳት።

የፈራሁትን ልዘርዝር፦ የትምህርት ቤቱ ሰዎች። የልጆቹ ወላጆች። ልጆቹ። ሃያት። ነፊሳ ፊቷን ብታዞርብኝ። ከሁሉም በላይ ግን፣ ማንም ባያምነኝስ? ጸዳለ እንኳ አላመነችኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ገና ከሜዳው መመለሴ ነው።

ሜዳው ሞልቶ ነበር። የቀድሞ ተጫዋቾች ከነልጅ ልጆቻቸው፣ የሠፈር ሰው፣ የእኔ ልጆች በአዲሱ ማሊያ። ሰሌዳው በጨርቅ ተሸፍኖ ግንቡ ሥር ቆሟል። ነፊሳን በዓይኔ ፈለግኩ፣ አጣኋት።

አነበብኩ። ሦስቱን ገጽ በደህና። አራተኛው ላይ ቆም ብዬ ሃያት ያቀበለችኝን ውኃ ጠጣሁ። ጨረስኩት። ጭብጨባ ጀምረው የተዉም ነበሩ። ከኋላ አንድ ሰው «እንዴ፣ ምን አሉ?» ሲል ሰማሁ። ጸዳለ ከድሬዳዋ መጥታ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ራሷን ትነቀንቃለች። ተሸክሜያት ነበር እኮ የምትል ይመስለኛል።

ህይወት ምን እንደምታደርግ ግራ ገባት። መርሐ ግብሩን አየች፤ ቀጥሎ የስም ጥሪ ይላል። በዚያ በደነገጠ ድምፅዋ የዋንጫውን ቡድን መጥራት ጀመረች። የመጀመሪያዋ፣ ሟች፤ ሁሉም አቤት አላት። ጸዳለ አቤት አለች። የሌሎቹም አለፈ። ህይወት ቆም አለች። ወደ እኔ አየች። ከወረቀቱ ሌላ የምታነበው ስለሌላት እንደተጻፈው አነበበችው።

«አሰለፈች ዘውዴ። ቁጥር ዘጠኝ።»

አቤት አፌ ላይ መጣ። ምላሴን ነከስኩ። አንድ ባጃጅ በመንገዱ አልፎ ሄደ።

«አቤት!»

ከኋላ፣ ከበሩ በኩል ነው። ነፊሳ። ያንን ረጅም ቀሚሷን ለብሳ፣ የልኬት ሜትሯን ከአንገቷ ላይ ማውለቅ ረስታ፣ ከሥራዋ ተነስታ እንደመጣች ቆማለች። ከዚያ ልክ ዳኛው ፊት እንደሚደረገው ቀስ ብላ ዞረች። ጀርባዋ ላይ ቁጥር የለም። እንዲሁ ጥቁር ቀሚስ ነው። ሁሉም ግን አየው።

አለቀስኩ። ምንም ማፈር አላፈርኩም።

ስሟን ማንም አልተናገረም፣ እሷም አልተናገረችም። ሃያት ግን አክስቷን አየች፣ እኔን አየች፣ የራሷን መዳፍ አየች። ሲበተን ወደ ነፊሳ ሄድኩና አልመጣም ብለሽ አልነበር ወይ አልኳት። «አላልኩም፤ ስሜን አታንሺ ነው ያልኩሽ» አለች። «ታዲያ ምን ላድርግ፣ ስም ተጠርቶ ዝም ይባላል እንዴ? አንቺ ዝም አልሽ!» ተሳሳቅን። ከዚያ እኔን ደግፋ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችኝ፣ እሷም አጠገቤ ተቀመጠች።

ሜዳው ስም አልወጣለትም። ሰሌዳው ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ እዚያው ቆሟል። ኮሚቴው ሌላ ጊዜ ይነጋገራል ተብሏል። ስለ ሥራዬ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ነገ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ሁለት ወላጆች ሰላም ሳይሉኝ ሄዱ፤ እውነት አላቸው።

መስተዋቱን ከፍቼ ማሊያውን አወጣሁት። የዱሮ ስፌት ነው፣ ትከሻው ለሃያት ይሰፋታል። ነፊሳ ይዛው ሄዳለች፤ ማክሰኞ ለልምምድ አጥብባ ታደርሰዋለች። ጉልበቴ ዛሬ አላመመኝም ብዬ ልጽፍ ነበር። አሞኛል።